የሚሎስ የጀልባ ጉዞ፦ ገንዘቡ ይገባዋል፣ ግን ጠይቃችሁ ተሳፈሩ

አቴንስ ያለችውን እህቴን ጠይቄ ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ጥያቄ አንድ ነው። ያ በፎቶ የላክሽው ነጭ ገደል የት ነው? ስንት ያስወጣል? ዋና የማይችል ሰውስ ይሄዳል? ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

ቦታው ሚሎስ የምትባል የግሪክ ደሴት ናት። ከአቴንሱ ወደብ ከፒሬየስ በፈጣኑ መርከብ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ በዘገምተኛው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ደሴቲቱን የሠራት እሳተ ገሞራ ነው። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለችው እጅ የሌላት የአፍሮዳይት (የጥንት ግሪኮች የፍቅር አምላክ) ሐውልት በ1820 እ.ኤ.አ. የተገኘችው እዚህ ነው። እኛ የያዝነው ከደሴቲቱ ወደብ ከአዳማስ ጠዋት ተነስቶ አመሻሽ ላይ የሚመልሰውን ባለ ሸራ ጀልባ ነው። ምሳን ጨምሮ ለአንድ ሰው ከ100 ዩሮ በላይ። ወደ ብር ስትመነዝሩት ያስደነግጣል።

ግን ክሌፍቲኮ! ለእሱ ብቻ ቢሆንም እከፍላለሁ። ያ የምትጠይቁኝ ነጭ ገደል እሱ ነው። በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው ያለው፣ መኪና አይደርስበትም፣ ወይ በጀልባ ወይ በእግር ነው። ነጩ አለት ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፣ ሥሩን ውሃው ቦርቡሮ በር በር አድርጎታል፣ በአንዱ ዋኝታችሁ ገብታችሁ በሌላው ትወጣላችሁ። ዱሮ የባሕር ወንበዴዎች መደበቂያ ነበር ይላሉ። መልሕቁ ሲጣል ሰንሰለቱ አሸዋው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ከላይ ሆኜ በዓይኔ ተከተልኩት፤ ውሃው እንደዚያ ጥርት ያለ ነው። ዋሻው ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ ከታች ተመልሶ ጣሪያው ላይ ይርገበገባል። ዝም ብዬ ቀና ብዬ ሳይ ቆየሁ።

እዚህ ደሴ አቅራቢያ ሎጎ ሐይቅ ላይ ዋና የተማራችሁ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል። የሐይቁ ውሃ ጨው አልባ ነው፣ እጅ እግር ካላንቀሳቀሳችሁ በቀላሉ ወደ ታች ሊወስዳችሁ ይችላል። ሜዲትራኒያን በአንድ ሊትር 38 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ የውቅያኖሶች አማካይ 35 ነው። ጨዋማ ውሃ ይበልጥ ስለሚያንሳፍፍ፣ በጀርባችሁ ስትተኙ እንደ ፍራሽ ይሸከማችኋል። ከደሴ የነሐሴ ብርድ ለመጣ ሰው ሙቀቱም ደስ ይላል። እህቴ ዋና አትችልም። ላይፍ ጃኬት ለብሳ፣ ገመድ ይዛ፣ «በማርያም እንዳትለቂኝ!» እያለች ገባች፤ በኋላ ውጪ ብንላት እምቢ አለች።

ነፋሱን አትናቁት። በጁላይና በኦገስት ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ክሌፍቲኮን ተራራው ስለሚከልለው እዚያ ጸጥ ይላል፤ በምዕራብ ዳርቻ ስትዞሩ ግን ማዕበሉ ያላጋል። የሚያቅለሸልሻችሁ ክኒኑን ከመነሳታችሁ በፊት ዋጡ። ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ከነፈሰ ካፒቴኖቹ ክሌፍቲኮን ትተው በሌላ በኩል ይወስዷችኋል፣ ለደኅንነት ነውና አትቆጡ።

አሁን ቅሬታዬ። ባለ ሸራ ብለው አስከፍለውን አብዛኛውን መንገድ በሞተር ነው የሄድነው። ሸራው የተዘረጋው ስንመለስ ለጥቂት ጊዜ ነበር፤ ሞተሩ ጠፍቶ የውሃው ድምፅ ብቻ ሲቀር ምን እንደቀረብን ያኔ ገባኝ። የመጥለቂያ መነጽሩ ለሁሉም አልበቃም፣ የደረሰኝም ውሃ ያስገባ ነበር። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ዋና የማይችል አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው። ላይፍ ጃኬቱን ራሳችን ጠይቀን ነው ያገኘነው። ይሄ በቀልድ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስለ ምግቡ፦ እህቴ ፍልሰታን ትጾማለች። ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ የማርያምን ጾም ያውቃሉ፣ ግን የእነሱ ኦገስት 15 ላይ ይፈታል፣ የእኛ ከሳምንት በኋላ። በዚያ ላይ በጾም ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ይበላሉ። ስለዚህ «ጾመኛ ነኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፣ የማትበሉትን ዘርዝራችሁ ንገሯቸው። ሙስሊም ወዳጆቼም የአሳማ ሥጋ ሊኖር ስለሚችል አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለእህቴ ቲማቲም፣ ወይራና ዳቦ አቀረቡላት፤ ቲማቲሙ እንዴት ይጣፍጥ ነበር!

ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ሰው እንደሚሳፈር፣ ሸራው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚዘረጋ፣ ዋና የማይችለውን ማን እንደሚከታተል ጠይቁ። በትንሽ ጀልባ መሄድ ይሻላል፣ ዋጋው ቢጨምርም። ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ ደግሞ መስከረም ይሁን፤ ነፋሱ ይቀንሳል፣ ባሕሩ ገና ሙቅ ነው፣ የሰዉም ግፊያ ይቀላል።