መኪናችሁ ጠቅ ጠቅ ብላ አልነሳም ካለች ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ) ከማስፈታታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ከጋራዡ ከተመለስኩ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። 19,000 ብር ተበላሁ። ሌላ ሰው እንዳይበላ ብዬ ነው ሳልረጋጋ የምጽፈው።

ትናንት ጠዋት እናቴን ለክትትል ሐኪም ቤት ላደርሳት ወጣሁ። ቁልፉን ሳዞር ቪትዜ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብላ ቀረች። የዳሽቦርዱ መብራት አለ፣ ቁልፉን ሳዞር ግን ፍዝዝ ይላል። እናቴን በራይድ ላክኋት። መኪናዋን የሰፈር ልጆች ገፍተው አቅራቢያችን ያለ ጋራዥ አደረሱልኝ።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ኮፈን ሳይከፍት በሽታውን የሚናገረው ዓይነት ነው። ቁልፉን አንዴ አዞረና "ሞተሪኖ ነው" አለኝ።

"ባትሪው ቢሆንስ?" አልኩት።

"እህቴ፣ ባትሪ ቢሆን መብራቱ ይበራ ነበር?"

ዝም አልኩ። አሁን ነው የገባኝ። ለዳሽቦርድ መብራት ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። ሞተሪኖ ግን ሞተር ሲያስነሳ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። የደከመ ባትሪ መብራት እያበራ ሞተር ማስነሳት ሊያቅተው ይችላል። ያ ሰው ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ደጋግሜ በዓይኔ እያየሁት ነው። ሞተሪኖውን ፈታና መሬት ላይ አስቀመጠው። ከእኔ ባትሪ ላይ ኬብል ስቦ ነካ አደረገው። ጠቅ። ደግሞ ነካው። ጠቅ። "አየሽ? ተቃጥሏል" አለኝ። ለወንድሜ ልልክለት ብዬ ሞተሪኖውን ፎቶ አነሳሁት። "ሶማሌ ተራ ልጅ ልላክ፣ የጃፓን ያገለገለ ኦርጅናል 16,500፣ የእጅ 2,500። አንቺ ሻይ ጠጥተሽ ነይ" አለኝ።

ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ።

ስመለስ ብርማ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ሞተሪኖ መሬት ላይ አለ። "ፊትሽ እንሞክረው" አለ። ኬብሉን ከእኔ ባትሪ ላይ ነቀለው። ረዳቱ ከጥግ አንድ ትልቅ ባትሪ እየጎተተ አመጣ። በዓይኔ አየሁት! ኬብሉን እዚያ ላይ አሰረና ሲነካው ሞተሪኖው ዝዝዝ ብሎ ዞረ። የእኔን በእኔ ባትሪ፣ "አዲሱን" በራሱ ባትሪ። ከፊቴ ነው ያደረገው፣ እኔ ደግሞ "ጎበዝ" አልኩት። መኪናዋ ላይ ከገጠመው በኋላም ያስነሳት በዚያው ትልቅ ባትሪ ነው። 19,000 ብር በቴሌብር ላክሁለት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬው ወጣሁ። ይሄ ቃል ነው ሆዴን የሚበላኝ።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

ጎረቤታችን ጋሼ ረጅም ዘመን ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፈቱና ሞርሴቶውን፣ ኬብሉ ባትሪው ላይ የሚታሰርበትን ብረት፣ አዩት። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። "ልጄ፣ ይሄን ሳይጠርጉ ነው ሞተሪኖ ያወረዱት?" አሉኝ። ፈቱት፣ በሙቅ ውሃ አጠቡት፣ በብሩሽ ፈግፍገው መልሰው አጠበቁት። በቴስተር ሲለኩት ባትሪው 11.6 ቮልት አለ። ሙሉ ሲሆን 12.6 አካባቢ መሆን አለበት። ቁልፉን ሳዞር 8 ወረደ። ከራሳቸው መኪና ባትሪ በኬብል ኃይል ሲሰጡኝ ቪትዜ በአንዴ ተነሳች።

"ለመሆኑ ምን ዓይነት ሞተሪኖ ነው የገጠሙልሽ?" አሉና ሞተሩን አስጠፍተው በስልክ መብራት አዩት። በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ብርማው ቀለም ጣታቸው ላይ ቀረ። ከስሩ የቆየ ዘይት ወጣ። ያኔ ፎቶው ትዝ አለኝ። ቡሎን የሚገባበት ጆሮ ተሸርፏል፣ ፎቶው ላይም ያው ቦታ ተሸርፏል። ፎቶው ላይ ሞተሪኖው ላይ ተለጥፎ የሚታየው፣ ግማሹ የተቀደደው ወረቀትም ቀለም ተቀብቶ እዚያው አለ። የገዛ ሞተሪኖዬን ቀብተው ለእኔው ሸጡልኝ።

ጋራዡ ሄድኩ። ሰውየው ከተቀመጠበት ጎማ ላይ እንኳን አልተነሳም። "ትናንት ስትወጪ አልነበረም እንዴ የሰራችው?" አለኝ። ፎቶውን አሳየሁት። "ሞተሪኖ ሁሉ ይመሳሰላል። ደረሰኝ አለሽ?" የለኝም። አልጠየቅሁም፣ እሱም አልሰጠኝም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ትናንት እሱን ይዤ መከራከር ነበረብኝ። አሁን በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው፣ እሱም ለምን እንደከፈልኩ አይናገርም።

ከዚያ "ባለቤትሽን ላኪው፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን" አለኝ። ሁለቱ ሰራተኞች ሳቁ። ባትሪውን የጎተተው ልጅ ብቻ አንገቱን ደፋ። መኪናው የኔ፣ ብሩ የኔ፣ የተሰረቅሁት እኔ፣ ግን ለመነጋገር ወንድ ላምጣለት! መኪና ውስጥ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

እባካችሁ፣ መኪናችሁ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ካለች መጀመሪያ ሞርሴቶውን አጽዱ፣ ከዚያ ከጎረቤት መኪና በኬብል ሞክሩ። ከተነሳች ነገሩ ከባትሪው ወይም ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ ነው። ባትሪው ጤነኛ ሆኖ አንዴ ብቻ ጠንከር ያለ ጠቅ ካላችሁ ያኔ ሞተሪኖ መጠርጠር ይቻላል። ሲፈቱት አጠገባቸው ሁኑ፣ በሚስማር ምልክት አድርጉበት፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ደረሰኝ ሳትይዙ ብር አትላኩ።

ባትሪውን ነገ እገዛለሁ። ሲገጥሙት አጠገቡ ቆሜ ነው የማየው፣ ሻይ የለም።