ለቲያው አስጎብኚ፦ እኔም እናቴም እናመሰግናለን

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ ጥንታዊዎቹን ትክል ድንጋዮች ለማየት ቲያ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል፣ በቡታጅራ መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ያስተናገደንን የአካባቢው ልጅ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። «እህቴ፣ ስሜን ባትጽፊው ደስ ይለኛል» ስላለኝ አልጽፈውም።

እውነቱን ለመናገር ብዙ አልጠበቅኩም ነበር። አምና ሌላ ከተማ ያገኘነው አስጎብኚ በአስር ደቂቃ አሯሩጦን ጉርሻውን ተቀብሎ ሄደ። የቲያው ልጅ ግን ገና ከበሩ እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማት አይቶ፣ ከጎረቤት ቤት በርጩማ ይዞላት መጣ። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ባለፍን ቁጥር ተሸክሞት ይከተላታል። «እማማ፣ አረፍ ይበሉ።»

ትክል ድንጋዮቹ 36 ናቸው፤ 32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጿል። በዩኔስኮ የተመዘገቡት በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ይሄን ቀድሜ አንብቤ ነበር። ስደርስ ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ቅርጹ አልታይ አለኝ። «ትንሽ እንጠብቅ፣ ፀሐይዋ ዘንበል ትበል» አለን። ከ9 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጎራዴዎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ጣቱን ድንጋዩ ላይ ሳያሳርፍ መስመሩን በአየር ላይ እየተከተለ አሳየን። እጀታው ይሄ፣ ስለቱ ይሄ። ክብ አለች፤ እንሰት ነች የሚሏት ቅጠል መሳይም አለች።

የጎራዴው ብዛት ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ይቆጥራል ይባላል። እሱም «ይባላል» ብሎ ነው የነገረን። የሚወራውንና በቁፋሮ የተገኘውን ለይቶ መናገሩን በጣም ወደድኩለት። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ «የግራኝ ድንጋይ» ሲባል ነው የሰማችው። ሳያሳፍራት፣ ከግራኝ ዘመን በፊት የቆሙ የመቃብር ድንጋዮች መሆናቸውን አስረዳት።

ከሥራቸው በተደረገው ቁፋሮ የተገኙት ወጣቶች ናቸው። ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመቱ፣ ወንድም ሴትም፣ በእናት ሆድ እንዳለ ጽንስ ተጣጥፈው የተቀበሩ። እናቴ ይሄን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ዝም አለች። እሱም አብሯት ዝም አለ። ሰዓት አላየም፣ ሌላ እንግዳ አልጠራም። «የሰው ልጆች» ብላ ከበርጩማው ስትነሳ ነው ወሬውን የቀጠለው።

ስንሰነባበት ምክርም ሰጠን። መልካ ቁንጡሬን ጠዋት ሳናየው አልፈነው ነበርና ቆጨው። አዋሽ ዳር ነው፤ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሕፃናት የእግር ዱካ የተገኘበት። በአቅራቢያው ካለው የባልጭት ጥንታዊ ስፍራ ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከአንድ አለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምም ከዋናው መንገድ ገባ ብላ አለች፤ ትውፊቱ ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ስለዚህ ጠዋት በእነሱ ጀምራችሁ ከ9 ሰዓት በኋላ ቲያ ድረሱ። እኛ ስለመሸብን ሌላ ቀን እንመለሳለን።

ከክፍያው በላይ ትንሽ ልጨምርለት ስል «በርጩማውን ላዋሱን እናት ስጪልኝ» አለኝ። ሰጠኋቸው። ቡና ካላፈላሁ ብለው ያዙን፤ እናቴ ከእሳቸው ጋር ስትጫወት ጉልበቷን ረሳችው።

ቲያ ከሄዳችሁ በሩ ላይ ለእናትየው በርጩማ የተሸከመላትን ልጅ ብላችሁ ጠይቁ። ይጠሩላችኋል።