ከላንጋኖ አሸዋ እስከ አሞራ ገደል፦ በሐይቆቹ መንገድ የገጠመን መስተንግዶ

ከቶሮንቶ ከመነሳታችን በፊት የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ አጥብቆ የጠየቀኝ «የሚዋኝበት አሸዋ አለ ወይ?» የሚለውን ብቻ ነበር። የማውቃቸው ብዙ ሰዎች አገር ቤት ገብተው ዘመድ ከጠየቁ በኋላ ለዋናው ወደ ሞምባሳ ወይም ወደ ዛንዚባር ይበራሉ። እኔ ደግሞ ዋና የተማርኩት ላንጋኖ ነው። ስለዚህ እናቴንና ልጄን ይዤ በሐምሌ መጨረሻ አምስት ቀን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር አሳለፍን። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታልና የማወራው ስለ መስተንግዶው ነው።

መኪናውን ከነሹፌሩ የተከራየሁት ከካናዳ ሆኜ፣ ቀብድ ልኬ ነው። ጠዋት የመጣው ግን በፎቶ ያየሁት መኪና አልነበረም፤ የኋላው ወንበር ቀበቶ አይቆልፍም። ልጅ ይዤ እንደምሄድ ሁለት ጊዜ ጽፌላቸው ነበር። ስደውል «ችግር የለውም፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚሄደው» አሉኝ። ይህ በጣም አናዶኛል፤ አሁንም ያናድደኛል። ያዳነን ሹፌሩ ነው። ምንም ሳይናገር ጋራዥ ወስዶ ቀበቶውን አስቀየረው፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብን፣ ደረሰኙን ለድርጅቱ እኔው እንድልክ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ በአምስቱም ቀን ከጠዋቱ ቀጠሮ አንድም ደቂቃ አልዘገየም። እናቴን «ማዘር፣ እግርዎን ዘርጋ ያድርጉት» እያለ እንደ ወላጁ ነው የያዛት። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እንደማይነዳ ገና ከመነሻው ነገረን፣ ቃሉንም ጠበቀ። መኪና የምትከራዩ ሰዎች ነዳጁና የሹፌሩ አበል በማን እንደሆነ በጽሑፍ አስጽፉ፤ ቀበቶውን ደግሞ ሳትሳፈሩ በእጃችሁ ሞክሩት።

መንገዱ ለእናቴ ወገብ እስከ ባቱ ድረስ ምቹ ነበር። በአዳማ የክፍያ መንገድ ወጥተን ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ከባቱ በኋላ ግን ጋሪው፣ ባጃጁና ከብቱ አስፋልቱን ይጋሩታል፤ ሰዓታችሁን በዚያ ልክ አስቡ። ባቱ ላይ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወርደን ይብራዎቹን ለልጁ አሳየነው። እናቴ ከሩቅ ወደ ደሴቶቹ ተሳልማ ተመለሰች፤ ቱሉ ጉዶ ላይ ያለችውን ደብረ ጽዮንን መሳለም ምኞቷ ነው፣ እሱ የራሱ ቀን ያስፈልገዋል።

ላንጋኖ ስንደርስ ልጄ ውሃውን አይቶ ደነገጠ። ቀለሙ ወተት የገባበት ሻይ ነው የሚመስለው፤ እጅህን እስከ ክርንህ ስታስገባ ጣቶችህ አይታዩህም። ቆሻሻ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው እንዲያ ያደረገው። ከዝዋይና ከሐዋሳ የሚለየውም ቢልሃርዚያ የሌለበት ተብሎ የሚታወቅ መሆኑ ነው፤ ከድሮ ጀምሮ ሰው ለዋና እሱን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልጄን ከውሃው ማውጣት አቃተን። አሸዋው ጠቆር ያለ፣ ለእግር ለስላሳ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ እውነተኛ ማዕበል መጣ፤ ደስታው ወሰን አልነበረውም።

ያረፍንበት ሎጅ ግን ያስቀየሙን ነገሮች አሉት። በስልክ የተስማማነው በብር ነበር፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ፓስፖርታችንን ሲያዩ ለእኔና ለልጄ የውጭ ዜጋ ዋጋ ጠየቁን። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ ቢጫ ካርዱን፣ አውጥቼ አሳየሁ፤ ልጅቷ አይታው አታውቅም። እናቴ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀች። ማታ ኃላፊው መጥቶ ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለው፤ ምስጋናዬን ነግሬዋለሁ። የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ዋናተኛ የሚጠብቅ ሰው የለም፣ ጥልቀቱን የሚያመለክት ገመድም የለም። ይህን ያህል ቤተሰብ በሚዋኝበት ዳርቻ አንድ ዋና የሚችል ሠራተኛ ማቆም ከባድ መሆን የለበትም። ምግቡም ቅር አሰኘን፤ ያዘዝነው ዓሣ ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ ጣዕም የሌለው ነበር። እናቴ «ውሃው አፍንጫችን ሥር ሆኖ ዓሣው ከፍሪጅ?» አለች። ክፍሉ ንጹሕ፣ አልጋው ጥሩ እንደነበር ግን አልክድም።

ዓሣ ያገኘነው ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ድረሱ። የእንጨት ጀልባዎቹ ይገባሉ፣ ልጆቹ መረቡን ዘርግተው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አንድ በአንድ ይፈቱታል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ ሽማግሌ መስለው ከኋላ ቆመው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። አንድ ወጣት ዓሣ ሲያዘጋጅ ልጄ ከአጠገቡ አልነቀል አለ። ቅርፊቱን ፍቆ፣ ሆዱን አጽድቶ፣ ከዚያ በሁለቱም ጎን እስከ አጥንቱ ድረስ ቀረብ ቀረብ አድርጎ ይተለትለዋል። ዘይት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ትልታይ ተነጥሎ ይቆማል፣ ሥጋውን በጣት መንቀል ብቻ ነው። በሎሚና በዳጣ ነው የሚበላው። ዳጣው አረንጓዴ፣ ነጭ ሽንኩርቱ የሚያስነጥስ! ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አጠገባችን ነበሩ፤ እኔ አልደፈርኩም፣ ለልጅም አልመክርም።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። የጠበሰችልን ሴት ትሪውን ከማስቀመጧ በፊት ወደ እናቴ ዞራ «እናቴ፣ ዓሣ በጾም ይበላሉ ወይስ አይበሉም?» አለቻት። እናቴ አትበላም። ሴትየዋ ሌላ ምንም ሳትል ልጅ ልካ ከጎረቤት ትኩስ ሽሮ አስመጣችላት፣ በሌላ ትሪ፣ የዓሣው ዘይት ሳይነካው። ሂሳብ ስንከፍል የሽሮውን ጎረቤቷ በጠየቀችው ልክ ብቻ ነው የተቀበለችን። ሐሙስ ጠዋት እናቴ ራሷ ቀስቅሳን ተመለስን፤ ሁለት ቆሮሶ ለብቻዋ በላች። በዚህ ጉዞ ከከፈልኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ የላቀው ይህ ነው። ማታ የበላነው ቡሪሳሜም፣ ከቆጮ በቅቤ ተሠርቶ በሸክላ የሚቀርበው የሲዳማ ምግብ፣ ከባድ ግን ጣፋጭ ነው።

ጀልባ ስትይዙ ዋጋውንና ሰዓቱን ሳትሳፈሩ ተስማሙ። የእኛ ቀዛፊ ያለው የሕይወት አድን ጃኬት ለልጄ ሰፋው፤ ሳልጠይቀው ከጓደኛው ጀልባ ትንሽ አምጥቶ ማሰሪያውን ራሱ አጠበቀለት። ጉማሬዎቹን ያሳየን ከሩቅ ነው፣ ቅረብ ያሉትን ተሳፋሪዎች እምቢ ብሎ። እዚህ ሐይቅ ውስጥ ግን አትዋኙ። ለጀልባውም ለዓሣውም በቴሌብር ነው የከፈልነው፤ የካናዳ ካርዴ የሠራው ሐዋሳ ሆቴል ብቻ ነው።

ስንመለስ ልጆቹ አሥር ቆሮሶ በበረዶ አሽገው ሰጡን። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ስንገባ አመሻሽ ሆኗል። አክስቴ ዓሣውን እንዳለ ወደ መጥበሻው ልትከተው ስትል ልጄ እጇን ያዘ። «አይደለም እትዬ፣ መጀመሪያ እንዲህ ነው» ብሎ በጣቱ ከጀርባው እስከ ሆዱ መስመር አሰመረላት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቀረብ ቀረብ አድርጎ። እሷም ቢላዋውን አንስታ በመስመሩ ተለተለችው።