የሬሳ ሣጥን ሲገዛ ክዳኑን ሳይሆን ወለሉን እዩ

አራዳ ውስጥ ሌት ተቀን ከማይዘጉት የሬሳ ሣጥን ቤቶች አንዱ ነው። ስሙን እንተወው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢያንኳኩ የሚከፍት ሰው አለ፣ አናጢዎቹም እጃቸው ጥሩ ነው። ሟቿ የቤት እመቤት ስትሆን ግን ባልየው የዕድሩን ሰዎች «ከሁሉ የተሻለውን አምጡልኝ» ብሎ ይልካል፤ ሻጩ ደግሞ ይህችን ቃል ጠንቅቆ ያውቃታል።

ቤቱ የሚሸጠው ሦስት ዓይነት ነው። ርካሹ ዙሪያውም ወለሉም ቺፕውድ ነው፤ ቢያንስ አያታልልም። ውዱ ሙሉ ጣውላ ነው። ጉዱ መካከለኛው ላይ ነው፦ ጎኑ ጣውላ፣ ወለሉ ቺፕውድ፣ ላዩ ከፈይ። ክዳኑን ብቻ ላየ ከውዱ አይለይም። ስለዚህ አስገልብጡት። ከሥሩ ጨርቅ ስለማይለብስ እንጨቱ ራሱ ይናገራል። ቺፕውድ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ያበጠ ቺፕውድ ደግሞ ምስማር አይዝም። ከሆስፒታል ማቀዝቀዣ የወጣ አስከሬን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይረጥባል፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ፍትሐቱ ተደርሶ እስከ መቃብር ያለው ጊዜ ለአንድ ደካማ ወለል ብዙ ነው። ከሥር ቢያንስ ሦስት አግዳሚ እንጨት በቪቴ ይመታበት። ከገበሩ ሥር ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፣ ጠርዙም በየጎኑ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ይታጠፍ። ይህን ካልጠየቃችኋቸው አያደርጉትም፤ ከጠየቃችኋቸው ግን ሳያጉረመርሙ ይሠሩታል።

ልክ የሚወሰደው ከተገነዘች በኋላ ነው፤ መግነዙና ከላይ የሚደረበው ጋቢ ይጨምራላ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ከሆነ የሣጥኑ ውስጡ 1 ሜትር ከ75 ይሁን፤ ከክርን እስከ ክርን ያለውን ለኩና 8 ሳንቲም ጨምሩበት። ቀብሩ በግንብ በተሠራ የመቃብር ፉካ ውስጥ ከሆነ የፉካውን አፍ አስቀድማችሁ ለኩ። እጀታው በየጎኑ ከ4 እስከ 5 ሳንቲም ይወጣል፣ አፉ ላይ የሚያስቀረውም እሱ ነው፤ የሚፈታ እጀታ እንዲያደርጉ ንገሯቸው። ያ ወርቅማ እጀታ ለነገሩ ጌጥ ነው። ተሸካሚዎች ከሥር ይያዙ።

ክዳኑን በ6 ቪቴ ይዘጋሉ፣ ይህ የሚመሰገን ነው። በምስማር የሚመቱ ቤቶች አሉ፤ ለስንብት ተከፍቶ እንደገና ሲቀጠቀጥ የሐዘንተኛውን ልብ ይሰብራል። ካቻቢቴ የሚይዝ አንድ ሰው ግን መድቡ፤ እነሱ አብረው አይሰጡም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጥቁሩን ከፈይ ተዉት። ዝናብ ሲመታው ቀለሙ ይለቃል፣ የተሸካሚው ነጠላ ትከሻው ላይ ጠቁሮ ይቀራል።

መግነዝ እዚያው ይሸጣሉ፤ አትግዙ። ስስ ነው፣ አጥሮም ይቆረጣል። ደህና አቡጀዲ የቁመቷን ሁለት እጥፍ ተኩል አስቆርጡ፤ የእጇንና የእግሯን አውራ ጣቶች ማሰሪያ ከዚያው ጠርዝ ይወጣል። ሰሌንም አላቸው፣ ጥጉ ላይ ተጠቅልሎ። ሣጥን ሳይለመድ በፊት ሬሳ የሚቀበረው በእሱ ነበር፤ ሻጩ ካልተጠየቀ አያነሳውም።

የሚያከራዩት የሬሳ መኪና ግን እንደ ሣጥኑ የሚመሰገን አይደለም። ኪራዩ በደርሶ መልስ ነው ይሉና ፍትሐቱ ሲረዝም የመቆያ ይጠይቃሉ። አስከሬኑ በሰባት ምዕራፍ፣ በየማረፊያው ለጸሎት እየቆመ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ መርዘሙ አይቀርም። ዋጋውን ከነመቆያው ቁረጡ፤ ቀብሩ 9 ሰዓት ከሆነ መኪናው 6 ሰዓት በር ላይ ይቁም።

ደረሰኝ የሚሰጡት ሲጠየቁ ነው፤ የዕድሩ ሂሳብ ሹም ያለ እሱ አያወራርድም። ከቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጠውን የቀብር ማስረጃም አብራችሁ አስቀምጡ፤ ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አንዴ ከሱቁ የወጣ ሣጥን ልኩ ቢሳሳትም አይመልሱትም።