ፒያኖ በርቀት ትምህርት ወይስ ከመምህር ጋር?

ፒያኖ መማር የሚፈልግ ሰው በጽሑፍና በቪዲዮ የተዘጋጀ የርቀት ትምህርት በቤቱ ይከታተል ወይስ በየሳምንቱ መምህር ዘንድ ይሂድ?

በወጪ ረገድ የርቀት ትምህርቱ ይቀላል፤ አንድ ጊዜ የተከፈለበት ትምህርት ተደጋግሞ ይታያል፣ ለመምህር ግን በየክፍለ ጊዜው ይከፈላል። መሣሪያ በሁለቱም መንገድ የግድ ነው። ለጅማሬ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ይበቃል፤ አቅም ላለው ግን ቁልፎቹ ክብደት ያላቸውን (ሲጫኑ እንደ እውነተኛ ፒያኖ የሚከብዱትን) ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ፒያኖ እመክራለሁ።

ዋናው ልዩነት ስሕተትን በማረም ላይ ነው። የዶ ሜጀር ስኬል (ከዶ ተነሥቶ በተርታ የሚሄድ የድምፆች መሰላል) በቀኝ እጅ ሲወጣ ዶ፣ ሬ እና ሚ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ከተመቱ በኋላ፣ አውራ ጣት በመዳፍ ሥር አልፎ ፋን ይመታል። በዚህች ቅጽበት ብዙ ጀማሪ ክርኑን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ድምፁ ትክክል ስለሆነም ጥፋቱን ልብ አይለውም። መምህር ወዲያው ያየዋል፣ ቪዲዮ ግን አያየውም። በመሆኑም ተማሪው ራሱን ቀርጾ የሚልክበትና እርማት የሚቀበልበት መንገድ የሌለውን የርቀት ትምህርት፣ ርካሽም ቢሆን፣ አልመክርም።

የርቀት ትምህርት በፈረቃ ለሚሠራ፣ መምህር በማይገኝበት ከተማ ለሚኖር ወይም ኖታ ማንበብ ቀድሞ ለሚያውቅ ይስማማል። ለሕፃናትና ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ለሚዘጋጁ መምህር ይሻላል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በፒያኖ መጫወት ለሚሻም፣ የውጭ አገር የርቀት ትምህርቶች በአብዛኛው በምዕራባውያን ስኬሎች ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ ቅኝቶቹን የሚያውቅ መምህር መፈለግ ይበጃል።