ለሥራ መሪዎች የሚሰጠው የሱሉልታው የማሽን ለርኒንግ ሥልጠና፦ የአንድ ወተት አቀነባባሪ ግምገማ

ሱሉልታ ላይ ለድርጅት ባለቤቶችና ለሥራ አስኪያጆች የሚሰጠውን የሁለት ቀን የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከተመዘገበ መረጃ እንዲማር የማድረግ) ሥልጠና ወስጃለሁ። ክፍያው ለአንድ ሰው 6,500 ብር ሲሆን ምሳና ሻይን ይጨምራል። ገንዘቡ ያዋጣል ወይ ለምትሉኝ፣ የመጀመሪያው ቀን ብቻውን ያዋጣል። ሁለተኛው ቀን ግን ብዙ የሚስተካከል ነገር አለው።

እኔ እዚሁ ሸገር ከተማ ውስጥ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ አስተዳድራለሁ። ጠዋት ከገበሬው ተረክበን፣ ፓስቸራይዝ አድርገንና አሽገን አዲስ አበባ ላሉ ሱቆች እናደርሳለን፤ የተረፈውን ወደ ቅቤና አይብ እንለውጠዋለን። ሰሞኑን ቢሮዬ የሚመጣው የሶፍትዌር ሻጭ ሁሉ ዕቃው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እንዳለው ነው የሚነግረኝ። ሻጩን ፊት ለፊት ለመጠየቅ የሚያበቃ እውቀት ፈልጌ ነው የተመዘገብኩት። አጠገቤ የተቀመጡት የገላን ብሎኬት አምራች፣ የሰበታ አበባ እርሻ ኃላፊና የብድርና ቁጠባ ሰዎችም የመጡበት ምክንያት ከእኔ ብዙም አይለይም።

መምህሯ ፕሮጀክተሩን ሳትከፍት ጀመረች። «ነገ የሚሆነውን ዛሬ ብታውቁት ከኪሳራ የሚያድናችሁ ነገር ምንድን ነው? አንድ ብቻ ጻፉ» አለችን። የብሎኬት ፋብሪካው ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው፤ «ልጄ፣ እኔ እኮ ኮምፒውተር አልነካም» አሏት። «ኮምፒውተሩን ለልጆቹ ይተዉላቸው ጋሼ፣ ጥያቄው ግን የእርስዎ ነው» ብላ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ከዚያ መልሳችንን ሰብስባ ሰሌዳው ላይ በሦስት ረድፍ ደረደረችው። እኔ የጻፍኩት «ነገ ስንት ሊትር ይሸጣል?» የሚል ነበር፤ መልሱ ቁጥር ስለሆነ አንደኛው ረድፍ ውስጥ ገባ። «ይህ ተበዳሪ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም?» የሚለው መልሱ ከሁለት አንዱ ስለሆነ ሁለተኛው ውስጥ ገባ። «ደንበኞቼ በምን በምን ይመሳሰላሉ?» የሚለው ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ መልስ ስለሌለው ለብቻው ተቀመጠ። ስማቸውን በረድፋቸው ተራ የነገረችን ከዚህ በኋላ ነው፦ ሪግሬሽን፣ ክላሲፊኬሽን፣ ክላስተሪንግ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሱፐርቫይዝድ ይባላሉ፤ ማሽኑ የሚማረው ትክክለኛ መልሳቸው ከተመዘገበ ያለፉ ምሳሌዎች ነው። ሦስተኛው አንሱፐርቫይዝድ ነው። ይህን ነገር ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል ሰጥቶ ሲያስረዳ የሰማሁት ሰው የለም።

በጣም የጠቀመኝ የእኛን የሽያጭ መዝገብ ከፍታ የሠራችው ነው። ካለፉት ዓመታት የቀን በቀን ሽያጭ ተምሮ የነገውን የሚተነብይ ሞዴል፣ ማለትም የስሌት ቀመር፣ ቢሠራ የት ላይ እንደሚወድቅ ጠየቀችን። መልሱን እኛ ወተት ነጋዴዎች እናውቀዋለን፤ ጾም ነው። የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፣ የ2017ቱ ሚያዝያ 12። ስለዚህ በ2016 የካቲት 25 የፍስክ ቀን ነበር፤ በ2017 ያው የካቲት 25 ዐቢይ ጾም ውስጥ ገብቷል። ላሟ ጾም አታውቅም፣ ወተቱ ይመጣል፤ ሱቁ ግን አይረከበንም። የወርና የቀን ቁጥር ብቻ የተሰጠው ሞዴል ለዚያ ቀን የፍስክ ሽያጭ ይተነብይልናል፤ እኛም አሽገን እንጥላለን። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም እንደ ራሱ ዓምድ ካስገባንለት ግን የሚማረው ነገር ያገኛል። ይህን ዓምድ ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር ከየትም አያመጣውም፤ የሚያውቀው የንግዱ ባለቤት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የፈተና ጉዳይ ነው። ሞዴሉ በተማረበት ዳታ ላይ ጎበዝ መሆኑ ምንም አያሳይም። የኔታ ልጁ ሀሁን በቅደም ተከተል ሸምድዶ እንዳይሆን በአቡጊዳ እንደሚፈትኑት፣ ሞዴልም ባላየው ዳታ ነው የሚፈተነው። ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ይህ ማለት እስከ 2016 ባለው መዝገብ አስተምሮ በ2017ቱ መሞከር ነው። ቀኖቹን አደባልቆ መፈተን ሞዴሉ መጪውን ጊዜ አስቀድሞ እንዲያይ ያደርገዋል።

ስለ ትክክለኛነት መቶኛ የሰጠችው ምሳሌ ደግሞ በቀጥታ የእኔን በር የሚያንኳኳ ነበር። ጠዋት ከሚመጡ 100 የወተት ዕቃዎች ውሃ የተቀላቀለባቸው 2 ናቸው እንበል። «ሁሉም ንጹሕ ነው» እያለ የሚውል ሞዴል 98 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ ከሁለቱ ግን አንዱንም አልያዘም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከተበላሸው ስንቱን ይይዛል፣ «ተበላሽቷል» ካለውስ ስንቱ እውነት ነው የሚለው ነው። ሁለቱ ስህተቶች ዋጋቸው እኩል አይደለም። የተበረዘ ወተት ካለፈን ታንኩን ሙሉ ይነካል፤ ንጹሑን ከመለስን ደግሞ ጎህ ሳይቀድ የተነሳችውን ባለላም አዋርደናል፣ ነገም ለሌላ ትሸጣለች። የትኛውን ስህተት መሸከም እንደምንችል የሚወስነው ኃላፊው ነው። ውሃ መቀላቀሉን የሚጠቁመው ላክቶሜትርና ወተቱ መቆምጠጥ መጀመሩን የሚያሳየው የአልኮል ምርመራ አሁንም በር ላይ ይቆያሉ፤ ሞዴሉ ቢበዛ የማንን ወተት ደግመን እንመርምር የሚለውን ቢጠቁመን ነው።

ወደ ሁለተኛው ቀን ልምጣ። ረፋዱ ላይ ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ (ማሽኑ እየሞከረና እየተሳሳተ የሚማርበት መንገድ)፣ ኒውራል ኔትወርክ (በአንጎል ነርቮች አምሳል የተሠራ ሞዴል) እና እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት ሁሉ ተደራርበው አለፉ። አርተር ሳሙኤል የተባለው ተመራማሪ በ1959 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ስላሳተመበት፣ ከጨዋታ እየተማረ ስለሚሻሻል የዳማ ፕሮግራም፣ ጎ የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የሚጫወተው አልፋጎ የተባለ ፕሮግራምም በ2016 እ.ኤ.አ. ዕውቁን ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ስለማሸነፉ ሰማን። ደስ ይላል፤ ግን ይህ የሪኢንፎርስመንት መንገድ የእኛን ፋብሪካ ምን እንደሚመለከት የነገረን የለም። ስላይዶቹም ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ስለነበሩ የብሎኬቱ ባለቤት ከሰዓቱን ሙሉ ዝም አሉ። ትላንት ከሁላችንም በላይ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ፤ ይህ አሳዝኖኛል።

ከዚህ የሚከፋው ስለ ዳታ ጽዳት ግማሽ ሰዓት ብቻ መሰጠቱ ነው። የእኛ ርክክብ በእጅ ነው የሚጻፈው። አንዲት ገበሬ በአንዱ መዝገብ ፀሐይ፣ በሌላው ጸሃይ፣ በሦስተኛው ፀሀይ ተብላ ትጻፋለች፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ናት። ከፊሉ ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ ከፊሉ በፈረንጅ ነው። አንዱ ጸሐፊ ጠዋት 1 ሰዓት ያለውን ሌላው 7 ብሎ ያሰፍረዋል። ይህ ሳይጠራ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራም፤ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይገባው ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ስሙ ሳይነሳ ቀርቷል። የገበሬውን ስልክና የክፍያ ታሪክ ለውጭ ባለሙያ አሳልፎ መስጠት ሊያስጠይቅ የሚችል መሆኑን ኃላፊ ሰው ከዚህ ዓይነት መድረክ ላይ መስማት አለበት። ሁለቱንም ለአዘጋጆቹ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ።

የምትመዘገቡ ካላችሁ የሽያጭ መዝገባችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያልያዙት ተመልካች ሆነው ነው የዋሉት። ቢቻል ደግሞ መዝገቡን በእጁ የሚጽፈውን ሰው አብራችሁ ውሰዱት። እኔ ለሚቀጥለው ዙር የርክክብ ጸሐፊያችንን አስመዝግቤያለሁ፤ ክፍያዋን ድርጅቱ ይሸፍናል።