ስታርዲው፣ ፋርሚንግ ሲሙሌተር ወይስ ሄይ ዴይ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ የእርሻ ጌም ለሚጀምር

«የእርሻ ጌም ልጀምር ነው፤ የቱን ልግዛ?» ደሴ ላይ ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ብሩ ከወጣ በኋላ ነው። ሰውየው ላፕቶፑን ይዞ ፒያሳ ጌም ወደሚጭኑ ልጆች ይሄዳል፤ ፋርሚንግ ሲሙሌተር 22 ይገለበጥለታል፤ ቤት ሲገባ ጌሙ ይከፈታል፣ ትራክተሩ ግን ሁለት ሜትር ሄዶ ይቆማል። ከዚያ «ራም ላስጨምር ወይስ ሌላ ጌም ልሞክር?» ይመጣል።

ስለዚህ መልሱ ይቅደም፦ ጀማሪ ከሆናችሁ ስታርዲው ቫሊን ግዙ፣ በተለይ የስልኩን። ሌሎቹ መጥፎ ሆነው አይደለም። ለእኛ መብራት፣ ለእኛ ላፕቶፕና ለእኛ ኪስ የሚመቸው እሱ ስለሆነ ነው።

ዋጋውን 1 ዶላር በ150 ብር እናስላው። ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ቁጥሩ አይረጋምና የዕለቱን እያያችሁ አስተካክሉት። ስታርዲው በስልክ 4.99 ዶላር ነው፤ 750 ብር ግድም። በኮምፒውተር 14.99 ዶላር፣ ማለትም 2,250 ብር ገደማ። ፋርሚንግ ሲሙሌተር 25 በኮምፒውተር 49.99 ዶላር፣ 7,500 ብር ይሆናል፤ በእሱ ዋጋ የስልኩን ስታርዲው 10 ጊዜ ትገዛላችሁ። ሄይ ዴይ ነጻ ነው። የኑሮ ጌም የሆነው ሲምስ 4ም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ መነሻው ነጻ ሆኗል፤ ላምና ዶሮ የሚረባበት «ኮቴጅ ሊቪንግ» የተባለው ጥቅል ግን ለብቻው 39.99 ዶላር፣ 6,000 ብር ነው። «ነጻ ነው» ብሎ ሲምስን ለእርሻ ያወረደ ሰው ከ20 ጊጋ በላይ ዳታ ጨርሶ፣ ሁለት ችግኝ ተክሎ፣ ሶፋ ሲያስተካክል ያመሻል። አኒማል ክሮሲንግ ኒው ሆራይዘንስን የሚጠይቅም አለ፤ እሱ ኒንቴንዶ ስዊች ከሌለ አይነሳም፣ እንለፈው።

ከተጻፈው ዋጋ ሌላ የማውረጃው ወጪ አለ። የኮምፒውተሩ ስታርዲው ግማሽ ጊጋ ያህል ነው። ፋርሚንግ ሲሙሌተር 25 የ45 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል፤ 90 እጥፍ። በሞባይል ዳታ ለምታወርዱ ይህ ብቻ ሌላ የጌም ዋጋ ነው።

ሄይ ዴይን ብዙዎች የሚጀምሩት ነጻ ስለሆነ ነው። ሱፐርሴል የተባለው የፊንላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው፣ በደንብ የተሠራ ጌም ነው፤ የሚከፈለው ግን በሌላ በር ነው። ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም። ስንዴው በ2 ደቂቃ፣ በቆሎው በ5 ደቂቃ ይደርሳል፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ጥበቃው ወደ ሰዓታት ይረዝማል፤ ጥበቃውን የሚያሳጥረው ዳይመንድ ደግሞ በእውነተኛ ዶላር ይሸጣል። ዳይመንድ በጭራሽ አትግዙ። በነጻ መጫወት የሚፈልግ አንድ ነገር ይያዝ፦ የተዘራ አንድ ፍሬ ሁለት ሆኖ ይመለሳል፣ ስለዚህ የዘር ፍሬ ሳታስቀሩ እህሉን ጠርጋችሁ አትሽጡ። ጎተራው ሲጀመር 50 ብቻ ስለሚይዝ ቶሎ ይሞላል። ማስፋፊያው ምስማር፣ ስክሩና ጣውላ ይፈልጋል፤ እነዚህ ሰብል ስታጭዱ አልፎ አልፎ ይወድቃሉ። ቶሎ የሚታጨደውን ስንዴ ደጋግሞ መዝራት የሚያዋጣውም ለዚሁ ነው። አካውንቱን በኢሜይል ከሱፐርሴል አይዲ ጋር ማሰር አትርሱ፤ ያላሰረ ሰው ስልኩ ሲጠፋ እርሻውም አብሮ ይጠፋል። በቴሌግራም «ዳይመንድ በነጻ እንሞላለን» የሚሉት የሚፈልጉት አካውንቱን ነው። ደግሞ ያልገዛችሁት እርሻ የእናንተ አይደለም። በፌስቡክ ስንቱን ያስመሸው ፋርምቪል እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲዘጋ የሰው አዝመራ ሁሉ አብሮ ተዘጋ።

ፋርሚንግ ሲሙሌተር ሌላ ዓለም ነው። ጃያንትስ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚያወጣው ይህ ጌም ትራክተር፣ ኮምባይነርና ማረሻ ለሚወድ ሰው አቻ የለውም። ስንዴ፣ ገብስና ማሽላ ይዘራበታል፤ ጤፍ የለም። ችግሩ ማሽን መፈለጉ ነው። 25ኛው በትንሹ ኮር አይ 5-6400፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስና 8 ጊጋ ራም ይላል። «የእኔም ኮር አይ 5 ነው» ማለት እዚህ አይሠራም። 6400 የዴስክቶፕ ነው፣ 4 ኮር አለው፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ የሚገኘው 6200ዩ 2 ኮር ብቻ ነው፤ ከላዩ የተለጠፈው ስቲከር ግን አንድ ዓይነት ነው።

ሻጭ «4 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ሲላችሁ እዚያው ከፍታችሁ እዩ። ታስክ ማናጀር፣ ከዚያ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ጂፒዩ ላይ «ዴዲኬትድ» የሚለውን ቁጥር አንብቡ። 128 ሜጋ ብቻ ካለ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ያ 4 ጊጋ ከራሙ የሚበደረው ነው፤ ስሙም ኢንቴል ኤችዲ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ራም መጨመር ይህን አያድነውም፤ ገንዘባችሁን አትበትኑ። ለዴስክቶፕ ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ደግሞ ከዚህ የባሰ ተጠንቀቁ፦ የድሮ ካርድ ባዮሱ (ማንነቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገርበት የውስጥ ፕሮግራም) ተቀይሮ 1050 ቲአይ ነኝ እያለ ይሸጣል። ዊንዶውስም አምኖ ያሳየዋል። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ትንሽ ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተቀየሩትን ካርዶች ሲያገኝ ከስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል።

ሙቀቱም አለ። ያው ላፕቶፕ ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ሥር በብርዱ፣ ደህና ሲሠራ ውሎ ኮምቦልቻ ሲወርድ በቀትር ይንፏቀቃል። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እንዲህ ያለ ጌም ደግሞ ሳያርፍ ነው የሚያሠራው። ዊንዶውስ ከመቀየራችሁ በፊት ፋኑን አስጠርጉ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ተርማል ፔስቱንም፣ አስቀይሩ። አልጋ ላይ አስቀምጦ መጫወት የአየር መግቢያውን መድፈን ነው።

ማሽኑ ካላችሁ፣ ጀማሪውን የሚያከስረው ሌላ ነው። «ከባዶ መጀመር» የሚለውን ምርጫ ተዉት፤ መነሻ መሬትና መሣሪያ በሚሰጠው በቀላሉ ጀምሩ። ኮምባይነር ስትገዙ የፊቱ ማጨጃ ለብቻው እንደሚሸጥ አስሉ፤ የስንዴው ማጨጃ በቆሎ አያጭድም፣ የስንዴው መዝሪያም በቆሎ አይዘራም። በዚህ ምክንያት ያላቸውን ሁሉ ኮምባይነሩ ላይ ጨርሰው እህሉ ሜዳ ላይ የሚቀርባቸው ብዙ ናቸው። ደካማ ላፕቶፕ ይዛችሁ «ትራክተር ካልነዳሁ አይሆንም» ካላችሁ 19ኛው ይሻላል፤ በ4 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 650 ደረጃ ባለ ካርድ ይነሳል። በስልክም 20ኛውና 23ኛው አሉ።

አሁን ወደ ስታርዲው። ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ሙዚቃውንም ሥዕሉንም ጨምሮ ብቻውን ከ4 ዓመት በላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. የካቲት 2016 አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ማሻሻያዎች ሁሉ ለገዛ ሰው ነጻ ናቸው። 1.6 የተባለው በ2024 መጋቢት ኮምፒውተር ላይ፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ስልክ ላይ ደረሰ። 2 ጊጋ ራም ይበቃዋል፤ «ለወርድ ብቻ ነው» ተብሎ የተሸጠ ላፕቶፕ ይከፍተዋል። እርሻ ብቻም አይደለም፦ ዓሣ ማስገር፣ ማዕድን መቆፈር፣ ከመንደሩ ሰው ጋር መወዳጀት፣ ማግባት አለበት። የኑሮ ጌም ለሚፈልግም እሱው ይበቃል።

መብራት የሚያገናኘን እዚህ ላይ ነው። ስታርዲው ሴቭ የሚያደርገው ገጸ ባሕሪው ሲተኛ ብቻ ነው። በጌሙ 10 ደቂቃ 7 ሰከንድ ስለሆነ ከጠዋቱ 12 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያለው አንድ ቀን 14 ደቂቃ ግድም ይወስዳል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ በ13ኛው ደቂቃ መብራት ቢጠፋ የዚያ ቀን ሥራ ሄደ፤ ግን ከአንድ ቀን አይበልጥም። መብራቱ ሴቭ እያደረገ ሳለ ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ጌሙ የቀድሞውን ቅጂ መጨረሻው ላይ «ኦልድ» የሚል ቅጥያ ሰጥቶ ያስቀምጣልና አትደንግጡ፦ አፕዳታ የተባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ የስታርዲው ፎልደር፣ ከዚያ «ሴቭስ» የሚለውን ክፈቱ፤ የተበላሹትን ሁለት ፋይሎች ሌላ ቦታ አውጡ፤ ከቀሩት ላይ ቅጥያውን አጥፉ። ሙሉ ፎልደሩን በሳምንት አንዴ ፍላሽ ላይ መገልበጥም አይከብድም።

ስልክ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ባትሪው አለ፤ ስልክ ሲደወልና ከጌሙ ስትወጡም ያቆማችሁበትን መልሶ የሚከፍት መጠባበቂያ ይይዛል። የስልኩ ድክመት ሌላ ነው፦ እርሻው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ጌሙን ከስልኩ ላይ ካራገፋችሁ (አንኢንስቶል ካደረጋችሁ) ወይም ስልኩን ፎርማት ካደረጋችሁ ተሰናበቱት። የግዢው መብት ግን አካውንታችሁ ላይ ስለሚቀመጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በአዲሱ ስልክ መልሳችሁ ታወርዳላችሁ።

ከቴሌግራም የሚወርደው የተሰበረ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል)ስ? 750 ብር ያድናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የድሮ ቅጂ ነው፣ ማሻሻያ አይቀበልም፤ አዲሱን ስትጭኑ ፊርማው ስለማይገጥም መጀመሪያ አጥፉኝ ይላችኋል፣ ሲጠፋ እርሻችሁም ይጠፋል። ከእሱ የሚከፋው «የስቲም አካውንት በ300 ብር» የሚባለው ነው፤ ስቲም የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ ነው። አንዱን አካውንት ለብዙ ሰው ይሸጡታል፤ ከኢንተርኔት ውጭ ብቻ ክፈት ይሏችኋል፤ አንድ ቀን የይለፍ ቃሉ ይቀየራል። ስቲም ቴሌብርን በቀጥታ ስለማይቀበል ደላላው ገበያ ያገኘው በዚህ ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ዘመድ ቢከፍልላችሁ ይሻላል። ሳዑዲ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ጊፍት ካርድ ልላክ ካላችሁ ግን የጎግል ፕሌይ ካርድ በተገዛበት አገር አካውንት ላይ ብቻ እንደሚሞላ ቀድማችሁ ንገሩት። ኮምፒውተሩን የምትፈልጉ ስቲም ቅናሽ እስኪያደርግ ጠብቁ፤ ከ10 ዶላር በታች ይወርዳል። ሁለት ወንድማማች በአንድ ስክሪን ተካፍለው መጫወትም የሚችሉት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ አንደኛው ኪቦርድ፣ ሌላኛው ጆይስቲክ ይይዛል። ፌክ ጆይስቲክ ስትገዙ ዱላውን ሳትነኩት ገጸ ባሕሪው ራሱ እየሄደ እንደሆነ ሱቁ ውስጥ ሞክሩ።

የመጀመሪያው ወር ላይ የወሎ ገበሬ ልማድ ያሳስታል። እዚህ ማሽላ በበልግ ተዘርቶ ክረምቱን አልፎ ይታጨዳል። እዚያ እያንዳንዱ ወቅት 28 ቀን ነው፤ ወቅቱ ሲቀየር ከጥቂቶቹ በቀር የቆመ ሰብል በአንድ ሌሊት ይደርቃል። በ500 ወርቅና በ15 ፍሬ ፓርስኒፕ ትጀምራላችሁ፤ ነጭ ካሮት የሚመስል ሥር ነው። በ4 ቀን ይደርሳል፣ አንዱ 35 ይሸጣል፤ አንድ ፍሬ ግን በጌሙ መንደር ላለው የማኅበረሰብ ማዕከል አስቀሩ። ዘሩን ከፒየር ሱቅ በ20 ግዙ፤ ጆጃ የተባለው ሌላው ሱቅ በ25 ነው የሚሸጠው። ፒየር ረቡዕ ዝግ ነው። አበባ ጎመን 12 ቀን ስለሚፈጅ ከመጀመሪያው ወቅት (ስፕሪንግ) 16ኛ ቀን በኋላ አትዝሩት። በ13ኛው ቀን የእንቁላል በዓል ላይ እንጆሪ በ100 ይሸጣል፤ በዚያው ማታ እስከ 16 ባለው ጊዜ ከተዘራ ሁለት ጊዜ ይለቀማል፣ አንዱ 120። ለዚያ ቀን ገንዘብ ያላስቀመጠ ነው የሚቆጨው። ውኃ ማጠጫውን ለማሻሻል ሁለት ቀን ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁና በቲቪው ትንበያ ነገ ዝናብ ነው ሲል ዛሬ ካጠጣችሁ በኋላ ስጡት። ሌሊት 8 ሰዓት ሳትተኙ ከደረሰባችሁ ወድቃችሁ ገንዘብ ሊወሰድባችሁ ይችላል።

አማርኛ የለውም፤ ይህን ሳልሸሽግ። ወሬው፣ ደብዳቤው፣ የሰው ፍላጎት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ማንበብ ላልጀመረ ልጅ በሥዕል የሚመራው ሄይ ዴይ ይሻለዋል፤ የዳታውን ሰዓት ወላጅ ይቁረጥለት።

ስቲም ከገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ፣ ገንዘቡን ይመልሳል። ጌሙን ከፍታችሁ ቡና ልትጠጡ ብትሄዱም ሰዓቱ ይቆጥራል። የመጀመሪያውን ፓርስኒፕ በ5ኛው ቀን ጠዋት ስትነቅሉ ገና 1 ሰዓት ግድም ነው፤ ካልጣማችሁ ያን ጊዜ መልሱት።